በጋን ሸኝቶ ክረምት መቀበል፦ ለደሴና ለወሎ ደጋ ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

«ሐምሌ ሲገባ ቤቱም ይጨልምብኛል፣ ሰውነቴም ይከብደኛል፤ እናንተ እንዴት ነው የምትችሉት?» ክረምት በመጣ ቁጥር ይህንኑ እጠየቃለሁ። ጠያቂዎቹ ባብዛኛው በሥራ ዝውውር፣ በትዳር ወይም በትምህርት ከኮምቦልቻ፣ ከከሚሴና ከባቲ ሙቀት ወደ ደሴ የወጡ ሰዎች ናቸው። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ከመድገም በቅደም ተከተል መጻፉ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ። ለደሴ፣ ለኩታበር፣ ለቦሩ ሜዳና ለመሳሰሉት ደጋማ ቦታዎች ይሠራል። ቆላ ያላችሁ ስለ ማገዶና ስለ ብርድ የተጻፈውን ዝለሉና ስለ ውሃና ስለ ትንኝ የተጻፈውን አጥብቃችሁ ያዙ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የክረምቱ ጣጣ ብርድ አይደለም። በደጋው ሌሊቱ አጥንት የሚሰብረው ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያንን ደግሞ ሁላችንም በጋቢ እናልፈዋለን። ሐምሌን የሚያከብዱት ርጥበትና ሳይዘጋ የተጎተተ የበጋ ሥራ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያገለግሉት ሁለት ጉዳይ ነው፤ ደረቁን ደረቅ እንደሆነ ማቆየት፣ እንዲሁም የቀኑን ውሎ በዝናቡ ሰዓት ማስተካከል።

መቼ ይጀመራል?

ግንቦት አጋማሽ ላይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በዘመን አቆጣጠራችን ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ስለሆነ ጊዜ ያለ ይመስላል። በጎጃም ወይም በአዲስ አበባ ሰኔ ራሱ እየዘነበ ያስጠነቅቃል። የወሎ ሰኔ ግን አታላይ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ካበቃ በኋላ ሰኔ ደርቆና ሞቆ ይከርማል። ከዚያ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ሳያንገራግር ይወርዳል። የሰኔን ፀሐይ አይቶ «ገና ነው» ያለ ሰው ጣሪያውን የሚጠግነው በዝናብ መካከል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለቤቱ፦
- ጎማ ያለው የቆርቆሮ ምስማር፣ መዶሻና ምስማር መንቀያ
- ካትራሜ ወይም ሌላ የቆርቆሮ ማሸጊያ፣ የሽቦ ብሩሽ
- ጠንካራ መሰላል፣ እንዲሁም መሰላሉን የሚይዝ ሰው
- አካፋና ዶማ
- የላስቲክ ሸራ፣ ገመድ፣ ሁለት ባልዲዎች
- ክዳን ያለው በርሜል

ለጓዳው፦
- ክዳናቸው የሚገጥም ዕቃዎች፣ የደረቁ ጆንያዎች
- ጆንያ ማስቀመጫ ርብራብ ወይም ጥርብ ድንጋይና ሳንቃ

ለሰውየው፦
- ቦቲ ጫማ፣ ጃንጥላ ወይም የዝናብ ልብስ
- በቤት ውስጥ ብቻ የሚለበስ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ (ወደ ኋላ እመለስበታለሁ)
- ወረቀትና እስክሪብቶ

ደረጃ 1፦ የበጋውን ዕዳ መዝግቡ

ከዶማው በፊት ወረቀቱን አንሡ። «በዚህ በጋ አደርገዋለሁ» ብላችሁ ያልተደረገውን ሁሉ ጻፉ፦ ያልተለሰነ ግድግዳ፣ ያልተጠየቀ ዘመድ፣ ወረኢሉ ወይም መርሳ ድረስ ሊኬድ የታሰበ መንገድ፣ ያልተመለሰ ብድር። ቀጥሎ እያንዳንዱን ከሦስት አንዱ ውስጥ ክተቱ። ደረቅ አየር የሚፈልግና እስከ ሰኔ መጨረሻ የሚያልቅ ከሆነ የሚሠራበትን ቀን ጻፉበት። ደረቅ አየር የሚፈልግ ግን የማያልቅ ከሆነ «ጥቅምት» ብላችሁ ጻፉበትና እርሱት። ለሦስት በጋ ሲንከባለል የመጣ ከሆነ ደግሞ ሰርዙት።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሐምሌ ላይ መስኮት ሥር ተቀምጦ ዝናብ የሚያይ ሰው የሚያበሳጨው ዝናቡ አይደለም፤ ዝናቡ ያስቀረበት ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ቀን ከተቆረጠለት ወይም ከተሰረዘ የሚያስቀርባችሁ ነገር አይኖርም። በጋን መልቀቅ ማለት በተግባር ይኸው ነው። የሦስተኛው ክፍል ዝርዝር ባዶ ከሆነ ለራሳችሁ እውነቱን አልነገራችሁም ማለት ነውና እንደገና ተመልከቱት።

ደረጃ 2፦ ጣሪያውን በደረቁ ፈትሹ

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በርና መስኮት ዝጉ፣ መብራት አጥፉና ወደ ላይ አንጋጡ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ውሃም ያስገባል። ቦታውን በከሰል ምልክት አድርጉበት። ኮርኒስ ያለው ቤት ከሆነ ቡናማ የውሃ እድፍ ፈልጉ፤ ባለፈው ዓመት ያፈሰሰበትን እድፉ ይናገራል።

ቆርቆሮው ላይ የምትወጡት በማለዳ፣ ሳይግል ነው። የምትረግጡት ምስማር የተመታበትን መስመር ብቻ ይሁን፤ እንጨቱ ያለው ከዚያ ሥር ነው። በሁለት እንጨት መካከል ያለው ቆርቆሮ ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደው ደግሞ ውሃ ያቁራል። የላላ ምስማር ስታገኙ እዚያው ላይ መልሳችሁ አትምቱት። ቀዳዳው ስለሰፋ ሐምሌ ሳያልቅ ይነቀላል። አውጡት፣ ወፈር ባለ ምስማር ተኩት፣ ዙሪያውን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉና ማሸጊያውን ቀቡ። ማሸጊያ በርጥብ ወይም በአቧራማ ቆርቆሮ ላይ አይዝም፤ ይህን ሥራ በግንቦት መጨረስ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሲደርቅ ፈተና ስጡት። አንድ ሰው ከላይ በጀሪካን ውሃ ያፍስ፣ ሌላው ከውስጥ ይመልከት። ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ላይሆን እንደሚችል አትርሱ፤ ውሃ እንጨት ተከትሎ ቁልቁል ይሄድና ርቆ ይወርዳል። ስለዚህ ፍለጋው ከጠብታው ወደ ላይኛው የጣሪያ ክፍል ነው።

አሸንዳውን ጥረጉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሞላው አሸንዳ ውሃውን መልሶ ወደ ግድግዳው ይደፋዋል።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ብቻችሁን ጣሪያ አትውጡ። የኤሌክትሪክ መስመር በጣሪያው በኩል የሚገባ ከሆነ ሽቦው መላጡን ከሩቁ ተመልከቱ፤ ከተላጠ ሳትነኩት ባለሙያ ጥሩ። ርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት በማንኛውም ምክንያት ክልክል ነው።

ደረጃ 3፦ የውሃውን መንገድ አስተካክሉ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

በመጀመሪያ መጠኑን እንወቅ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 800 ሊትር ውሃ ከክፈፋችሁ ይወርዳል፤ አራት በርሜል ማለት ነው። ይህ ከራሳችሁ ጣሪያ ብቻ የሚወርደው ነው። ደሴ ከጦሳ ሥር በዳገትና በቁልቁለት የተሠራች ከተማ ስለሆነች ከላይ ካለው ጎረቤት የሚመጣውም አለ።

ቦዩን የምትቆፍሩት ከቤቱ በዳገቱ በኩል ነው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቁ፤ ግድግዳ ሥር የተቆፈረ ቦይ ውሃውን መሠረቱ ውስጥ ያሰርጋል። ስፋቱ የአካፋ አፍ ያህል፣ ጥልቀቱ ከስንዝር በላይ ይሁን። በየሜትሩ አንድ ወይም ሁለት ሣንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ሲያልቅ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ልቀቁበት፦ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ከወረደ ጥሩ ነው። የሚቆምበትን ቦታ አስተካክሉ። እየጮኸ አፈር ይዞ ከወረደ ደግሞ ዳገቱ በዝቶበታልና እዚህም እዚያም ድንጋይ ጣሉበት፣ ፍጥነቱን ይሰብርለታል።

የቦዩ መጨረሻ የት ነው? ይህ ከአካፋው በፊት በአፍ የሚፈታ ጉዳይ ነው። ከታች ወዳለው ጎረቤት ሂዱና «እትዬ፣ ውሃውን በዚህ በኩል ወደ መንገዱ ቦይ ላወርደው ነበር፤ ግድግዳዎን ይነካብዎት ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይጠየቅ የተለቀቀ ውሃ ሐምሌ ላይ ጠብ ይሆናል፣ መስከረም ላይ ክስ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጎረቤት ራሱ የሚያውቀው የቆየ የውሃ መውረጃ ይኖራል። ወደ መንገዱ ቦይ ስታገናኙም በውስጡ ያለውን ላስቲክና የውሃ ጠርሙስ አውጡ፤ ከተማ ውስጥ ጎርፍ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ቦይ ተደፍኖ ነው።

የድጋፍ ግንብ ያላችሁ ሰዎች ከሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በብረት ዘንግ ክፈቱ። ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀማል፣ አፈሩም ይከብዳል፣ ግንቡ በሆዱ ይነፋና ይፈርሳል።

በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር አስቀምጡ። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ድፏቸው፤ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥበው ነው የሚወርዱት። ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ደኅና ነው።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ በዳገት ላይ የተሠራ ቤት ካላችሁ የመሬት መንሸራተት ምልክቶችን እወቁ። መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያጋደለ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ በድንገት አልዘጋ ያለ በር፣ ያለ ምክንያት የደፈረሰ ምንጭ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ፣ በተለይ ለተከታታይ ቀናት ከዘነበ በኋላ፣ ዕቃ ሳትለቅሙ ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡና ለቀበሌው አሳውቁ።

ደረጃ 4፦ ፀሐይ የሚፈልገውን ሁሉ በሰኔ ጨርሱ

የሰኔን አታላይነት ወደ ጥቅም መለወጫው ይህ ነው። በጋውን በሙሉ የዘገየ ሰው እንኳን ይህ ደረቅ ወር አለው።

በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተሰጥቶ፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ መመለስ ያለበት ሐምሌ ሳይገባ ነው። ሽሮውም እንደዚሁ። በደመና የተሰጣ በርበሬ ከላይ የደረቀ መስሎ ከውስጥ ርጥበት ይይዛል፤ ተፈጭቶ ሲቀመጥ ይሻግታል። የሻገተውን «ላዩን ጠርጌ እጠቀምበታለሁ» አትበሉ። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በመታጠብም በመቀቀልም አይጠፋም፤ ጉበትን ይጎዳል።

እህል ያላችሁ፦ በልግ የሚያመርት የወሎ ገበሬ ገብሱን የሚሰበስበው በዚሁ በሰኔና በሐምሌ መጋጠሚያ ስለሆነ፣ ከገበያ የምትገዙት ገብስ ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ሊሆን ይችላል። አንዷን ፍሬ በጥርስ ስበሩ። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርቃለች፤ ከተጨፈለቀች ገና ናትና አስጧት። እህል ሳይነቅዝና ሳይሻግት እንዲከርም የርጥበት መጠኑ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የጥርሱ ፈተና መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው የቀረበው መንገድ ነው። ጆንያውን ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ግድግዳም አታስደግፉ። ከወለሉ በስንዝር ከፍ፣ ከግድግዳው በክንድ ራቅ ይበል።

ልብስን በተመለከተ፣ ጋቢው፣ ቡልኮው፣ የሱፍ ባናውና ፍራሹ አንድ ላይ ታጥበውና ተሰጥተው ይግቡ። ሐምሌ ላይ የታጠበ ጋቢ ሳይደርቅ ይሸታል። በክረምቱ የምታጥቡት ቀላል ቀላሉን ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ማገዶና ከሰል

ማገዶው ተፈልጦ ከክፈፉ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አየር እንዲያልፍበት ይደርደር። ኩበቱ ከዚያም ይበልጥ ይከለል፤ አንዴ ከረሰረሰ አይድንም። ርጥብ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት ትንሽ፣ ጭሱ ብዙ ነው፤ የክረምት ሳልና የዓይን መቅላት አንዱ ምንጭ እርሱ ነው።

⚠ ዋና ማስጠንቀቂያ፦ የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታሳድሩ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢያበቃም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ መውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። «በደንብ ከነደደ አይጎዳም» የሚባለው ስህተት ነው። ማንደጃው ሲሠራ በር ወይም መስኮት ገርበብ ይበል፤ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ሰውየውን ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር አውጡና ሐኪም ቤት ውሰዱ።

ደረጃ 6፦ የመሰናበቻ ቀን ይኑራችሁ

በሰኔ የመጨረሻ ሳምንታት አንድ ቀን ምረጡና ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የሐይቅ ዳርቻ ለዚህ ይመቻል፤ እግር ያለው ጦሳን ይውጣ። መንገዱ ገና ደረቅ ነው።

ይህ ትርፍ መዝናኛ መስሏችሁ አትዝለሉት። መጨረሻው የታወቀ ነገር ይለቀቃል፤ ሳይሰናበት ያለቀ ግን ሲጎትት ይኖራል። ልጆች ላይ ልዩነቱን ታዩታላችሁ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሜዳው ጭቃ የሆነባቸው ልጆች «ለምን አንወጣም?» የሚሉት ለውጡን የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ስትመለሱ የደጁን ወንበርና መከዳ አስገቡ፣ የቡናውን ቦታ ከዛፉ ሥር ወደ መስኮቱ አዙሩ። በሚቀጥለው ቀን አይደለም፣ በዚያው ምሽት።

ደረጃ 7፦ የቀኑን ሰዓት አዙሩ

የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ የከሰዓት ነው። ጠዋት መሬቱ ይሞቃል፣ ርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ከቀትር በኋላ ደመናው ይከብዳል፣ ከ8 እና ከ9 ሰዓት ጀምሮ ይጥላል። የበጋ ልማድ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ጠዋት በቡናና በጨዋታ ያልፋል፣ ጉዳይ ለከሰዓት ይቀመጣል። በዚህ ልማድ ሐምሌ የገባ ሰው በየቀኑ ዝናብ ይመታዋል፣ በየቀኑም ዝናቡን ይራገማል።

ስለዚህ እንዲህ አዙሩት፦

ሀ. ከቤት የሚያስወጣ ማንኛውም ነገር፣ ገበያ፣ ባንክ፣ ቀበሌ፣ ለቅሶ ቤት፣ እስከ 6 ሰዓት ይለቅ። ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ የምትመለሱበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ከሰዓት በኋላ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው በሐረጎ መንገድ ላይ ጉምና ዝናብ ሲገናኙ አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን መኪና አያይም።

ለ. ጠዋት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ደጅ ቁሙ ወይም ተራመዱ፤ ደመናም ቢሆን። ብዙ ሰው በሐምሌ ቀኑ ያጠረ ይመስለዋል። እውነታው ተቃራኒ ነው፤ በእኛ አገር ረጅሞቹ ቀናት ሰኔና ሐምሌ ላይ ናቸው፣ ከ12 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለ፣ ከታኅሣሥ ቀን በአንድ ሰዓት ገደማ ይበልጣል። የሚያጨልመው ደመናውና የተዘጋው መስኮት ነው። በደመና ውስጥ የሚመጣው የውጭ ብርሃን እንኳን ከቤት መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የጠዋት ብርሃን ደግሞ የእንቅልፍን ሰዓት ያስተካክላል። ቀን እያንጎላጀ ሌሊት የሚነቃ ሰው በመጀመሪያ የሚሞክረው ይህን ነው።

ሐ. ቡናውን ወደ 9 ሰዓት አምጡት። ከጎረቤት ጋር ተራ ግቡ፣ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ዝናቡ ሲጀምር አቦሉ ሲቀዳ፣ በረካው ሲደርስ ሲያባራ፣ ከሰዓቱ ያልፋል። የወሎ ሰው ቡና ብቻውን እንደማይጠጣ ስለምታውቁ ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ግን አዲስ መጤዎች ሆይ፣ እስክትጠሩ አትጠብቁ። መጀመሪያ የምትጠሩት እናንተ ሁኑ።

መ. የቤት ውስጥ ልብሱ እዚህ ይመጣል። ከውጭ እንደገባችሁ የረጠበውን አውልቁና ደረቁን ልበሱ፣ ካልሲ ጭምር። ርጥብ ልብስ ከሰውነት ሙቀት ይወስዳል፤ ብርድ የሚመስላችሁ አብዛኛው እርሱ ነው። ይህ ልብስ ከቤት አይወጣም፣ ለጎረቤት ቡና እንኳን አይወጣም።

ደረጃ 8፦ ቤቱ ይተንፍስ

ዝናብ በማይጥልበት ጠዋት በሩንና መስኮቱን ትይዩ ከፍታችሁ አየር አሳልፉ። ከምግብ ማብሰል፣ ከልብስና ከትንፋሽ የሚወጣው ርጥበት መውጫ ካጣ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሻጋታው ከቁም ሣጥን ጀርባ ይጀምራል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ጣት አርቁት። ዕጣኑ ሽታውን ያሳምራል እንጂ ርጥበቱን አያወጣም።

ደረጃ 9፦ ለእጅ የሚሆን አንድ ሥራ ያዙ

አንድ ብቻ። ጥጥ መፍተል፣ የመሶብ ስፌት፣ ለልጅ የሚቀጥለውን ዓመት ሒሳብ ማስጠናት፣ የተጠራቀመ ሰነድ ማስተካከል። ጥሬ ዕቃውን በሰኔ ግዙ። ስንደዶ የሚለቀመው በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ ባለፈው ካልለቀማችሁ ከገበያ ሸምቱ፤ ሐምሌ ላይ ዋጋው ይወደዳል፣ ጥሩውም ተመርጦ ያልቃል። ሥራው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ይሁን፤ ሳምንታቱ የሚቆጠሩት በዝናብ ሳይሆን በሥራው እንዲሆን ነው።

ውሃና ጤና

ጎርፍ መጸዳጃ ቤቱን አጥቦ ወደ ምንጭና ወደ ቧንቧ መስመር ስለሚገባ ተቅማጥና አተት የሚበዛው በዚህ ወቅት ነው። የሚጠጣውን ውሃ አፍሉ። ደጋ ላይ ውሃ የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት ነው፤ በደሴ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ቆላ ላላችሁ፦ የወባ ትንኝ የምትራባው ካቆረ ውሃ ነው፤ ወረርሽኙም የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። አጎበሩን በነሐሴ አውጡ፣ የተቀደደውን ስፉ፣ በግቢው የሚያቁረውን ሁሉ አፍስሱ።

መብረቅ ሲኖር ከዛፍ ሥር አትጠለሉ። ሐዘን፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ «ክረምቱ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የተለመዱ ስህተቶች

*ጠብታውን ከውስጥ መድፈን።* ኮርኒሱን ከታች ማሸግ ውሃውን አያቆመውም፤ ከላዩ ያጠራቅመዋል፣ ከዚያ ኮርኒሱ ይወርዳል።

*ሁሉንም መዝጋት።* ብርድ ፈርቶ መስኮት የማይከፍት ቤት ከሌላው ቤት ይበልጥ ይረጥባል፣ ስለዚህ ይበልጥ ይበርዳል።

*ጉዳይን «እስኪያባራ» ማቆየት።* የሐምሌ ዝናብ ሙሉ ቀን የሚያባራበትን ጊዜ የጠበቀ ሰው ጉዳዩን የሚያገኘው መስከረም ላይ ነው። የደረጃ 7ን የጠዋት ሰዓት ተጠቀሙ።

*በቡሄ መፍረስ።* «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል፤ ብዙ ሰውም ነሐሴ 13 ካለፈ በኋላ ሸራውን ይሰበስባል፣ ቦዩን ይረሳል። አባባሉ ለጨዋታ ያምራል። ዝናቡ ግን እስከ ነሐሴ መጨረሻ በርትቶ ሊቆይ ይችላል፣ መሬቱም ውሃ የጠገበው ያን ጊዜ ነው፤ የሚደረመስ ግንብ የሚደረመሰው በዚህ ሰዓት ነው። ሸራውም ቦዩም እስከ መስከረም አጋማሽ ይቆዩ።

ሐምሌ ከገባ በኋላ ይህን ለምታነቡ

ሁሉንም ለማድረስ አትሞክሩ። ዛሬ ጠዋት ቦዩን ክፈቱ፤ ርጥብ አፈር ለመቆፈር አይከብድም። ቀጥሎ ጆንያዎቹን ከወለል አንሡ። ነገ ደግሞ የደረጃ 7ን ሰዓት ጀምሩ፤ እርሱ ምንም ዝግጅት አይጠይቅም። የደረጃ 1ን ወረቀት ማታ ላይ ጻፉት፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ የሚያልቀውን ክፍል ግን ተዉት።

ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ በዝናብ መካከል አትውጡ። ጠብታው ከሚወርድበት ቦታ ላይ ገመድ እሰሩና ጫፉን ባልዲ ውስጥ ክተቱት፤ ውሃው ገመዱን ተከትሎ ሳይረጭና ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ዕቃውን በላስቲክ ሸፍኑ። ቆርቆሮው ሙሉ በሙሉ የደረቀበት ጠዋት ሲገኝ ቀዳዳውን ከላይ በሸራ ጠብቃችሁ ሸፍኑት፣ ዳርና ዳሩን በከባድ እንጨት ተጫኑት፣ ዋናውን ጥገና ለጥቅምት ቀጠሮ ያዙለት።